አምባሰል ላይ አረንጓዴ የለም

ሰርግ ላይ የማይታማ ነገር የለም። ወጡ ይታማል፣ ጠላው ይታማል፣ የሙሽራዋ ቬሎ ይታማል፤ የሙሽራው ጫማ ጠብቦት እንደሚያነክስ እንኳ ድንኳኑ ጥግ በተቀመጡ እናቶች ተመርምሮ ብይን ይሰጥበታል። ሳይታማ የኖረው መብራት ብቻ ነበር። ምሰሶ ላይ ታስሮ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ ብልጭ ድርግም ካለ ሥራውን ሠራ ይባላል። ዘፈኑ ቢፈጥን ቢቀዘቅዝ እሱ በያዘው ይቀጥላል። ሙሽራዋ የአባቷን ጉልበት ስማ ስትንሰቀሰቅ እንኳ በላይዋ እስክስታ ይወርዳል። «ይህ መብራት ምን ነክቶታል?» ያለ ሰው ግን ሰምቼ አላውቅም። ከመብራት የሚጠበቀው አለመጥፋት ብቻ ነው፤ በእኛ አገር ደግሞ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ሮብ ገበያ ላይ ግን መብራት መታማት ጀምሯል። ጠንቁ የአክስቴ ልጅ ነው።

ሮብ ገበያ የስናን ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ ከደብረ ማርቆስ ተነስቶ ወደ ጮቄ ሽቅብ የሚል ሰው ያገኛታል። ገብስና ድንች የሚበቅልበት አገር ነው፤ በግንቦትም ጋቢ ከትከሻ አይወርድም። ልጁ እዚያ ኦርጋን ተጫዋች ነው። ኦርጋን ተጫዋች ማለት እንግዲህ ባንድ ማለት ነው፤ ከበሮውም፣ ባሱም፣ ሳክስፎኑም ከአንዲት ባለ 61 ቁልፍ ዕቃ ይወጣሉ። እሱ በቀኝ እጁ ይጫወታል፤ በግራው ሻይ ሲጠጣ አይቼዋለሁ። ሰርግ ሲደራረብለት ያጠራቀማትን ገንዘብ አሥራ ሁለት የኤልኢዲ ፓር መብራት ገዛባት። እናቱ «በሬ ይገዛልሃል እኮ!» ብላው ነበር። አሁንም ትላለች።

እነዚህ መብራቶች ሲገዙ ጠባያቸውን ይዘው ነው የሚመጡት። አንደኛው ጠባያቸው አውቶ ይባላል፤ ማንንም አይሰሙም፣ ከፋብሪካ የተሞላላቸውን እየደጋገሙ ያድራሉ። ሁለተኛው በድምፅ የሚነቁበት ነው። ውስጣቸው ትንሽዬ ማይክሮፎን አለች፤ ጮክ ያለ ነገር በሰማች ቁጥር ቀለም ትለውጣለች። ለእሷ ዘፈኑም፣ እልልታውም፣ ከጓዳ የወደቀው የድስት ክዳንም እኩል ናቸው።

ልጁን ያንገበገበው ይህ ነው። «እኔ ጣቴ እስኪላጥ ስጫወት» አለኝ፣ «መብራቴ ለድስት ክዳን ይታዘዝ?»

ስለዚህ ኦርጋኑንና መብራቱን አጋባቸው። ሽማግሌ ሆኖ መሐል የገባው አሮጌ ላፕቶፕ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። ኦርጋን ቁልፉ ሲነካ ድምፅ ማውጣቱ ብቻ ሳይሆን፣ ከጀርባው ባለችው የዩኤስቢ ቀዳዳ በኩል መልእክት ይልካል፤ የትኛው ቁልፍ እንደተነካ፣ በምን ያህል ጉልበት እንደተነካ። የመልእክቱ ሥርዓት ሚዲ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣው የየፋብሪካው ኪቦርድ እርስ በርሱ እንዲግባባ ነበር። እያንዳንዷ ቁልፍ ቁጥር አላት፤ መሐል ላይ ያለችው ዶ 60 ናት። የጣቱ ጉልበት ደግሞ እስከ 127 ይለካል። እዚህ ላይ ነው ልጁ ብልጥ የሆነው፤ የተላከው ቁጥር እንጂ ዘፈን አይደለም፣ ቁጥሩን የተቀበለ ሁሉ የፈለገውን ያደርግበታል። ኪው ኤል ሲ ፕላስ የሚባል በነፃ የሚገኝ ፕሮግራም ላፕቶፑ ላይ ጫነና «60 ሲመጣ አንደኛዋን አብራ፣ 62 ሲመጣ ሦስተኛዋን» እያለ አሠለጠነው። ከላፕቶፑ ወደ መብራቶቹ ትእዛዙን የሚያደርሰው ዲኤምኤክስ 512 ነው፤ ከ1986 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የዓለም ቴአትር ቤቶች መብራት የሚያዙበት ቋንቋ። በዚህኛው ቋንቋ የብርሃን ጣሪያው 255 ስለሆነ የልጁ የጣት ጉልበት በሁለት ተባዝቶ ይደርሳል ማለት ነው። ጣቱን ሲያነሳ መብራቷ ትጠፋለች። ኦርጋኑ ላይ ያሉት ዶዎች ሁሉ አንደኛዋን መብራት፣ ሬዎች ሁሉ ሦስተኛዋን ይጠራሉ፤ አሥራ ሁለት ድምፅ፣ አሥራ ሁለት መብራት።

የመጀመሪያው ሙከራ አክስቴ ግቢ ውስጥ ተደረገና ግቢው አበደ። ልጁ አንዲት ቁልፍ ሲነካ አሥራ ሁለቱም መብራቶች ይንጨባረቃሉ። ውሻው ከአጥር ውጭ አደረ። ኋላ ሲጣራ ጥፋተኛው ከበሮ ሆኖ ተገኘ። ኦርጋኑ ከራሱ የሚመታው ጭክጭካም እንደ ጣት መልእክት ይልካል፤ ላፕቶፑ ደግሞ የማን ጣት ነው ብሎ አይጠይቅም። ደግነቱ ሚዲ 16 መስመር አለው፣ ከበሮም በልማድ አሥረኛው ላይ ነው የሚቀመጠው። ልጁ ላፕቶፑን «ለአሥራ ሁለቱ የቀኝ እጄን መስመር ብቻ ስማ» ብሎ አሰረው። ከበሮውን ጨርሶ ላለማስቀየም ከሙሽሮቹ ወንበር ኋላ ያለ አሮጌ አምፖል ሰጠው።

ከዚያ ሰርግ መጣ፤ ሐሜቱም አብሮ መጣ።

ትዝታን ከዶ ጀምሮ የሚጫወት ሰው ከአሥራ ሁለቱ ድምፆች አምስቱን ብቻ ይነካል፤ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ። የቀሩት ሰባት መብራቶች ዘፈኑ እስኪያልቅ ጾማቸውን ያድራሉ። አምባሰል ሲገባ ከነዚያ አምስቱ ዶና ሶል ብቻ ይቀራሉ፤ ሬ፣ ሚና ላ ወጥተው ፋና ሁለት ጥቁር ቁልፎች ይተካሉ። አንቺ ሆዬ ከሆነ ላ ትመለሳለች፣ ሶል ግን ከታቿ ላለችው ጥቁር ቦታዋን ትለቃለች። ይህን ማንኛውም የሙዚቃ ተማሪ ያውቀዋል፤ እኛ ግን በጆሯችን ስንሰማው ኖርን እንጂ ተሰልፎ አላየነውም። አሁን ከድንኳኑ ማዶ፣ ድምፁ በማይደርስበት ቦታ የቆመ በግ ጠባቂ እንኳ የትኛው መብራት እንደሚበራ አይቶ ቅኝቱ መለወጡን ያውቃል።

የሚበሩት አምስት ብቻ ከሆኑ ታዲያ ስድስተኛዋ ስትበራ የማያያት የለም። ድሮ የልጁ ጣት ከሚ ወደ ፋ ቢያዳልጠው ከበሮው ይሸፍንለት ነበር፤ ይበላ የነበረው ሰው ቀና ሳይል አጥንቱን ይግጣል። አሁን ያችው ፋ ጣሪያው ላይ ብልጭ ብላ ታጋልጠዋለች።

ይህን ከሁሉ ቀድመው ያወቁት ጋሸ ናቸው። ጋሸ አጎታችን ናቸው፤ በልጅነታቸው ዲማ ጊዮርጊስ ቅኔ ቤት ደጅ ጠንተዋል፣ ዜማም ቀማምሰዋል። ግዕዝ፣ ዕዝል፣ አራራይ ሲባል ያደገ ሰው ቅኝት ሲደባለቅ ጥርሱን ያመዋል። በዚያ ሰርግ ሌሊት ወንበራቸውን ከሙሽሮቹ አዙረው ወደ መብራቱ አደረጉት። ትንሽ ቆይተው ከዘራቸውን አነሱ።

«ስድስተኛይቱ ምን ልትሠራ መጣች?»

ዘፈኑ አለቀ፤ ጥያቄው ግን አላለቀም። ከዚያ ወዲያ የእናቶቹ ጥግ ጫማውንም ወጡንም ትቶ መብራት መቁጠር ጀመረ። «የዛሬ ልጅ ስድስተኛዋን አበዛት» ይባባላሉ። አንዲት እትየማ ቆጠራውን በሽምብራ ፍሬ ሳይቀር ልትይዝ ምንም አልቀራትም። ልጁ በሁለት ወር ውስጥ የጣቱ ጥራት የተሻለው አስተማሪ አግኝቶ አይደለም፤ የሚቆጥሩ እናቶች አግኝቶ ነው።

ቀለሙን የደለደልነው ግን እኔና እሱ ነን። መጀመሪያ ላይ እንዳመጣለት ነበር የሰጣቸው፤ ሁለቱ ሮዝ፣ ሦስቱ ሰማያዊ። ይህን ሳይ ስለ አሌክሳንደር እስክሪያቢን ነገርሁት። እስክሪያቢን የሩሲያ ሙዚቃ ደራሲ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1910 ጽፎ በጨረሰው «ፕሮሜቴዎስ» በሚባለው ሥራው ላይ ከቫዮሊኑና ከመለከቱ ረድፍ ጋር ለመብራት የተጻፈ የራሱ ረድፍ አለ። መብራቱም እንደ ፒያኖ በቁልፍ የሚመታ ነው። በ1911 ሞስኮ ላይ ሲቀርብ መብራቱ አልተሳካም፤ ከነመብራቱ የቀረበው በ1915 ኒው ዮርክ፣ ካርኔጊ አዳራሽ ነው። ደራሲው ለየድምፁ ቀለም መድቧል፤ ዶ ቀይ፣ ሬ ቢጫ፣ ሚ ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ፣ ፋ ጠቆር ያለ ቀይ፣ ሶል ብርቱካናማ፣ ላ አረንጓዴ፤ ከጥቁሮቹም ከዶና ከሶል ቀጥለው ያሉት ወደ ሐምራዊ ያደላሉ።

ልጁ ዝም ብሎ ሰማኝና ትዝታን በጣቱ መቁጠር ጀመረ። ዶ ቀይ። ሬ ቢጫ። ሚ ሰማያዊ። ሶል ብርቱካናማ። ላ አረንጓዴ። ቀና ብሎ አየኝ።

«ባንዲራችን አይደለም እንዴ?»

ነው። አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ሦስቱም ትዝታ ውስጥ አሉ። ሩሲያዊው ስለ ትዝታ የሰማው ነገር ያለ አይመስለኝም፤ ሲያገጣጥመው ግን እንዲህ ነው። ብርቱካናማዋን እንደ ትርፍ ቆጥረን ተውናት። ሰማያዊዋ መሐል ትግባ አትግባ የሚለው ክርክር ከሰርግ ድንኳን አቅም በላይ ስለሆነ ሁለታችንም አልነካካነውም። አምባሰል ላይ ደግሞ ቀይ፣ ሐምራዊ፣ ጠቆር ያለ ቀይ፣ ብርቱካናማ፣ ሌላ ሐምራዊ። ቢጫም አረንጓዴም የለ። ልጁ ይህንኑ እንዳለ ወሰደው፤ ጋሸም እንዳለ ተቀበሉት፤ ከቅዱስ ያሬድ የወረደ ነው ያላቸው ሰው የለም፣ እሳቸው ግን እንደዚያ ነው የያዙት።

ብርሃንን በጣት የመጥራት ምኞት ከእስክሪያቢንም ይቀድማል። ሉዊ ቤርትራን ካስቴል የሚባል ፈረንሳዊ የኢየሱሳውያን ካህን እ.ኤ.አ. በ1725 ቁልፉ ሲመታ ቀለም የሚያሳይ ክላቭሳን ሐሳብ አቅርቦ ዕድሜውን ከሱ ጋር ሲታገል ኖሯል። ለንደን ላይ ፍሬድሪክ ቤንታም የቴአትር መብራት የሚታዘዝበትን መቀመጫ ከነቁልፉ ከነፔዳሉ በሲኒማ ቤት ኦርጋን መልክ ያሠራው በ1935 ነው። በዚያው ዓመት አዲስ አበባ ላይ ሀገር ፍቅር ተቋቋመ። ሁለቱ አይተዋወቁም፤ ልጁ ግን ሁለቱንም በአንድ ቀን ስለነገርሁት ዘመድ ናቸው ብሎ ይዟል፤ አላረምሁትም።

እኔን ይበልጥ የሚያስደንቀኝ የቅርቡ ነው። የዋሊያስ ባንዱ ኃይሉ መርጊያ ዋሽንግተን ላይ ታክሲ እየነዳ፣ ተሳፋሪ ሲጠብቅ ኪቦርዱን አውጥቶ ጣቱን ያፍታታ ነበር። በ1985 እ.ኤ.አ. «ሸሞንሟናዬ» ያለበትን ካሴት ብቻውን ሲቀርጽ ከአኮርዲዮኑ ጋር ከተጠቀመባቸው አንዱ ያማሃ ዲኤክስ 7 ነው። ዲኤክስ 7 ሚዲ ይዘው ከወጡት የመጀመሪያዎቹ ኪቦርዶች አንዱ ነው፤ የያኔው የሚዲ ቋንቋም እስከ ዛሬ ይሠራል። ያን ኪቦርድ ዛሬ ሮብ ገበያ አምጥቶ የሚያገናኘው ሽቦ ያገኘ ሰው፣ ያለ ምንም ልመና የአክስቴን ልጅ መብራት ያበራበታል። ቀበሌ ሄዶ ካርድ የሚያወጣ ሰው ስሙ በሦስት ዓይነት ፊደል በሚጻፍበት አገር ይህን ያህል ዓመት አንድ ቋንቋ መናገር ትልቅ ነገር ነው።

ችግር የለም አልልም። ልጁ ሁሉንም ቅኝት ከዶ ነው የሚጀምረው፤ የዘፋኙ ድምፅ ከፍ ዝቅ ካለ ትራንስፖዝ የምትለዋን ተጭኖ ይገላገላል። የሱ ኦርጋን ደግሞ ትራንስፖዙን ለሚዲውም ያስተላልፋል። አንድ ሌሊት ዘፋኙ ጉንፋን ይዞት «ሁለት ዝቅ አርግልኝ» ሲል ትዝታዋ ከነባንዲራዋ ተናደች፤ አረንጓዴዋ ጭራሽ ጠፋች። እናቶቹ ጉንፋኑን አያውቁ፣ «ምነው ዛሬ አገሩ ጨለመ?» አሉ። አሁን ለየዝቅታው የተለየ ገጽ አዘጋጅቶ ላፕቶፑ ላይ ይገለብጣል።

የላፕቶፑም ፊደል ገበታ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ፕሮግራሙ ከሱም ትእዛዝ ይቀበላልና ልጁ የስፔስን ቁልፍ ድንኳኑን ባንዴ ለማጨለም፣ ኤስን ደግሞ በፍጥነት ለሚያብለጨልጨው ስትሮብ መድቧቸዋል። ሽልማት ሲጠራ «የሸላሚዎቹን ስም ስክሪኑ ላይ ጻፍልን» አሉት። ጣቱን ሲሰድ ፊት ለፊት የተከፈተው መስኮት የመብራቱ ነበር። ስሙ ውስጥ ሰ ያለበት ሽማግሌ ሁሉ መብረቅ ወረደበት፤ ከራሱ ስም ወደ አባቱ ስም ሲሻገር ደግሞ ድንኳኑ ጭልም ይላል። አንድ አባት ስማቸው እንዲህ ባለ ክብር ሲጠራ ሰምተው አያውቁምና ሁለት መቶ ብር ጨመሩ።

ጭስ ማሽን ግን አንገዛም፤ በዚህ ደብረ ማርቆስም አዲስ አበባም ይቀኑብናል። ጨረር አየር ላይ እንዲታይ የሚያርፍበት ብናኝ ያስፈልገዋል። ከተማ ያለው ሰው ለዚህ ፈሳሽ ገዝቶ ያቃጥላል። ለእኛ ጮቄ ከ4,000 ሜትር በላይ ሆኖ ሲመሽ ጉሙን ይሰድልናል፤ በድንኳኑ መጋረጃ ሥር ሾልኮ ይገባና አሥራ ሁለቱም ጨረሮች እንደተወጠረ ገመድ ይቆማሉ። የሚከፈለው በብርድ ነው።

አንድ ሌሊት ታዲያ መብራት ሄደ። የአሥራ ሁለቱ ብቻ ሳይሆን የከተማው። ኦርጋኑ በአንድ ቃል ላይ እንዳለ ዝም አለ። ያኔ ጥግ ይዞ አረቄውን ሲያጣጥም የነበረ አዝማሪ ማሲንቆውን ስቦ ተነሳ፤ በአንዲት ኩራዝ ብርሃን ዙሪያውን ቃኘና ጋሸ ላይ ደረሰ።

ገመድ ቢዘረጋ ቢደረደር ተራ፣
መብራት ሳይመጣለት የጋሸ ራስ በራ።

ድንኳኑ በሳቅ ተገለበጠ። ጋሸ ባርኔጣቸውን ፈለጉ፤ ከዚያ ተዉትና ብር አወጡ፤ ቅኔ ቤት የዋለ ሰው በቅኔ ተመትቶ አይቆጣም።

መብራቱ ሲመለስ ልጁ ያላሰብሁትን አደረገ። የኦርጋኑን ድምፅ ጨርሶ ዘጋውና አዝማሪውን በጣቱ ይከተለው ጀመር። ድምፁ ቢዘጋም መልእክቱ ይሄዳል፤ ስለዚህ የሚሰማው ማሲንቆ፣ የሚጨፍረው መብራት ሆነ። ማሲንቆ ቁልፍ የለው፣ ቁጥር የለው፤ ያን ሌሊት ግን የጮቄን ጉም ቀለም አለበሰው። አዝማሪው ነገሩ ሲገባው ይፈታተነው ያዘ። ቀስ ብሎ ጣቱን አንሸራቶ በሁለት ቁልፎች መሐል፣ የትም በሌለች ድምፅ ላይ ቆመ። ልጁ አንደኛዋን ነካ፤ አይደለችም። ሁለተኛዋን ነካ፤ እሷም አይደለችም። ሁለቱንም አንድ ላይ ተጫነ።

«በሁለቱ መሐል መብራት የለም!» አሉ ጋሸ።

«እኔ እዚያ ነው የምኖር» አለ አዝማሪው፣ ድምፁን ሳያነሳ።

በቅርቡ ደግሞ ደብረ ማርቆስ ላይ ዘመድ ዳረና አብረን ሄድን። አዳራሹ ትልቅ ነው። ከጣሪያው የተንጠለጠሉት ሙቪንግ ሄዶች ራሳቸውን እያዞሩ ጨረራቸውን ሰው ፊት ላይ ይረጫሉ፤ ሕፃናቱ አፋቸውን ከፍተው ያያሉ፣ እኔም እንደዚያው። ጋሸ ግን ገና ሳይቀመጡ ግንባራቸው ተቋጥሯል። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ እየቆጠሩ ነው። ዘፋኟ አምባሰል ጀመረች። ጣሪያው አረንጓዴ ለበሰ።

እጃቸውን ልይዝ ብል አልቻልሁም። ከዘራቸውን ተመርኩዘው፣ በጨፋሪው መሐል ሰንጥቀው፣ በጥቁር ጨርቅ ከተሸፈነው ጠረጴዛ ኋላ ወደ ተቀመጠው ጎረምሳ ደረሱ። ጎረምሳው የተመረቀ የሚመስል፣ ጆሮው ላይ ትልቅ ማዳመጫ የደፋ ልጅ ነው። ሽማግሌ መሆናቸውን ሲያይ ማዳመጫውን አውልቆ ብድግ አለላቸው።

«ልጀ» አሉት፣ «አምባሰል ላይ አረንጓዴ የለም።»

«ምን አሉኝ አባቴ?»

«አረንጓዴ። አምባሰል ላይ። የለም።»

ጎረምሳው ጣሪያውን አየ፣ ላፕቶፑን አየ፣ እኔን አየ። እኔ የግድግዳውን መጋረጃ እየተመለከትሁ ነበር።

«አባቴ፣ እኔ አይደለሁም እኮ የማበራው» አለ በመጨረሻ። «አውቶ ነው።»

ጋሸ ከዘራቸውን ወደ ሌላኛው እጃቸው አዛወሩ።

«አውቶ» አሉ። «የማን ልጅ ነው?»